የርካሽ ነገር ቀሪ ዋጋ

አንድን ዕቃ «ርካሽ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ይመስላል፤ ጥቂት ቢያሰላስሉት ግን ወደ ሕሊና የሚያደርስ መንገድ ያለው ሆኖ ይገኛል። ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ የቆየ ጥርጣሬ አለው። «ረከሰ» የሚለው ግሥ የእህል ዋጋ ሲወርድ ይነገራል፤ የተቀደሰ ነገር ሲዋረድም ይነገራል። የዋጋ ማነስና የጠባይ መዋረድ በአንድ ቃል ተጠምደው ስለሚኖሩ፥ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ነገር ሁሉ በውስጡ አንዳች ጉድለት የተሸሸገበት መስሎ ይታየናል። በአንጻሩ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ነገር ሳንመረምር እናምነዋለን። ሁለቱም ፍርድ የተጣደፈ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ፥ ጽናቱ ግን የታመነ ነገር መሥራት ይቻላል፤ በምን እንደሚቻል ለመረዳትም ከመኪና ቤት ግድግዳ ላይ የሚመታ አንድ መደርደሪያ ከብዙ መጻሕፍት የተሻለ አስተማሪ ይመስለኛል።

አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ስለ እውነት፥ ስለ ፍትሕና ስለ ፍቅር መጻፍ በተለመደበት ገጽ ላይ ስለ ጣውላና ስለ ሚስማር ማውራት ምን የሚሉት ነገር ነው? መልሴ አጭር ነው። ስለ ፍትሕ ስንከራከር ከመካከላችን የተሳሳተ ሰው ቢኖር በዚያው ሰዓት በራሱ ላይ የሚወድቅበት ነገር የለም፤ ተከራክሮ፥ ቡናውን ጠጥቶ፥ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መደርደሪያ ግን ይወድቃል። የተሠራበት ሐሳብ ልክ መሆኑን ወይም ስሕተት መሆኑን በአንደበት ሳይሆን በክብደት ይናገራል። እንዲህ ያለ ቅን ምስክር በሌላ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

የምኖርባት ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ ምሥራቁ ደጋ በሚያሻቅበው ተዳፋት የተቀመጠች የቡና ከተማ ናት። ከይርጋ ጨፌ፥ ከኮቸሬና ከገደብ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቡና በደጃችን ያልፋል። ስለዚህም በከተማይቱ መኪና ያለው ግቢ ብዙ ነው፤ መኪና ባለበት ግቢም ብዙውን ጊዜ ከቆርቆሮና ከጭቃ ወይም ከብሎኬት የተሠራ አንድ የመኪና ቤት ይኖራል። ታዲያ ወደ ውስጥ ገብቶ ለተመለከተ ሰው ነገሩ የሚያስቅ ነው። ያረጀ ጎማ፥ የሞተ ባትሪ፥ ባዶ ጀሪካን፥ ክሪክ፥ አካፋ፥ ከአምናው ቀለም የተረፈ ቆርቆሮ፥ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር፥ «አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠ ሽቦ ሁሉ ወለሉን ሞልቶታል። መኪናው ደጅ ያድራል፤ ኮተቱ ቤት ያድራል። ባለቤቱም ዘወትር «ቤቱ ጠበበኝ» ይላል እንጂ አራቱ ግድግዳዎች ከወለሉ እስከ ክዳኑ ድረስ ባዶአቸውን መቆማቸውን ልብ አይልም።

መሬት በጠበበበት አገር ሰው ወደ ላይ ማሰብ ይማራል። የጌዴኦ ዞን በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተቀራርቦ ከሰፈረባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ገበሬው ግን ያችን ጠባብ ማሳ ደራርቦ ያርሳታል ብል ማጋነን አይሆንም። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ቅርንጫፉን ይዘረጋል፤ ከሥሩ እንሰቱ በሰፊ ቅጠሉ ይቆማል፤ በጥላው ቡናው ያፈራል፤ ከሁሉም በታች ጎመኑና ጎደሬው ይበቅላል። ይህ የአያት የቅድመ አያት ብልሃት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ተብሎ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቊጥር ኮረብታው ሁሉ መደርደሪያ ሆኖ ይታየኛል። ነገር ግን ልዩ መደርደሪያ ነው፤ የላይኛው እርከን በታችኛው ላይ አይጫንም። ዋንዛው ለቡናው ጥላውን ይሰጠዋል እንጂ ክብደቱን አያሸክመውም፤ ክብደቱንስ በራሱ ግንድ፥ በራሱ ሥር ወደ መሬት ያወርዳል። የመደርደሪያ ጥበብ ሁሉ በዚህ ውስጥ አለ። ወደ ላይ የወጣ ሸክም ሁሉ ወደ መሬት የሚወርድበት የታወቀ መንገድ ያስፈልገዋል፤ መንገዱን ሠሪው ካላዘጋጀለት ሸክሙ ራሱ ያበጃል፤ ሸክም በራሱ ያበጀው መንገድ ደግሞ መውደቅ ይባላል።

መደርደሪያ ለአገራችን ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ቆጥ ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውም ተረት ከዚያው የወጣ ነው። ተረቱን ሁላችንም ስለ ስግብግብነት እንደ ተነገረ እናውቀዋለን። አናጢ ቢሰማው ግን «ቆጡ ከፍ ብሎ ተሠርቶባት ነው» የሚል ይመስለኛል። ፍርዱ ትንሽ ወደ ሴትዮዋ ያደላል፤ ቢሆንም ትክክል ነው። በየዕለቱ የሚፈለግ ዕቃ ከወገብ እስከ ዐይን ባለው ከፍታ ላይ ቢቀመጥ፥ ከባዱ ከታች፥ ቀላሉና አልፎ አልፎ የሚፈለገው ከላይ ቢሆን ብዙ ብብት ያለውን ሳይጥል ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መደርደሪያ እንዴት ይወድቃል? መዠመሪያ ጣውላው ይጎብጣል። አብዛኛው ሰው ጣውላ ሲጎብጥበት መፍትሔው ወፍራም ጣውላ መግዛት ይመስለዋል፤ ወፍራም ጣውላም ውድ ነው። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ይነግሩናል፤ ይኸውም በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ያው ክብደት ያንኑ ጣውላ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ያጎብጠዋል። እንግዲህ 2 ሜትር የሚረዝመውን ጣውላ በሁለት ጫፉ ብቻ ደግፎ ስለ ጣውላው ቅጥነት ከማማረር፥ በመካከሉ አንድ ተራ ድጋፍ መጨመር ምን ያህል እንደሚጠቅም አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። የተጨመረው እንጨት ከሌላ ሥራ የተረፈ ቊራጭ ሊሆን ይችላል፤ ያስገኘው ጽናት ግን በገበያ ቢገዛ ብዙ ብር የሚያወጣ ነው።

ሁለተኛም ብልሃት አለ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለውን አንድ ቀጭን ጣውላ በጀርባው አጋድማችሁ በመካከሉ ብትጫኑት ይለመጣል። ያንኑ ጣውላ በጠርዙ አቁማችሁ ብትጫኑት ግን ለመጎበጥ አሥራ ስድስት ጊዜ ይበልጥ እንቢተኛ ይሆናል። እንጨቱ አልተጨመረበትም፤ ዋጋውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቋሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ አናጢ ከመደርደሪያው የፊት ጠርዝ ሥር እንዲህ ያለ ጣውላ አቁሞ ይመታበታል፤ ዕቃ እንዳይንሸራተትም ጥቂት ከፍ አድርጎ ያስቀረዋል። በአንድ ሚስማር ሁለት ጉዳይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሕግ ለመዠመሪያ ጊዜ በስሌት ለመግለጽ ከተነሡት ሰዎች አንዱ ኢጣልያዊው ጋሊሌዮ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1638 በላይደን ከተማ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ከግድግዳ ወጥቶ በጫፉ ክብደት የተንጠለጠለበት አንድ ተሸካሚ እንጨት በሥዕል ይታያል፤ የኛው መደርደሪያ ማለት ነው። ስሌቱን በኋላ የመጡ ሊቃውንት አርመውታል፤ ዋናውን ነገር ግን አይቶት ነበር። ጋሊሌዮ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነበረ፤ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ ተፈርዶበት ከቤቱ እንዳይወጣ ተግዞ ይኖር ነበር። ስለ ሰማይ እንዳይናገር ለተከለከለ ሰው ስለ አንድ ግንድ መናገር ቀረለት። እኔ ይህን ሳስብ ትንሽ ነገር የሚባል ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጣውላው ባይጎብጥም ድጋፉ ከግድግዳው ሊነቀል ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰዎች ክብደት ወደ ታች ብቻ የሚጫን ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከግድግዳ የወጣ መደርደሪያ የላይኛውን ማሰሪያ ወደ ራሱ ይስባል፤ የታችኛውን ደግሞ ወደ ግድግዳው ይገፋል። 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው መደርደሪያ 40 ኪሎ ቢሸከምና ክብደቱ በወርዱ መካከል ቢያርፍ፥ የድጋፉ ቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የላይኛው ማሰሪያ በ40 ኪሎ ኃይል ይሳባል። የድጋፉን ቁመት 40 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው ግን ስበቱ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ክንድ የማይሞላ ቊራጭ እንጨት የብሎንን ድካም በግማሽ ያቃልላል። ከዚህም ጋር ከድጋፉ እግር ወደ መደርደሪያው ጫፍ የሚወጣ አንድ ሰያፍ እንጨት ቢታከል ሦስት ማዕዘን ይፈጠራል። አራት ማዕዘን በጎኑ ሲገፋ ይዛነፋል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ከእንጨቶቹ አንዱ ሳይሰበር ወይም ከማያያዣው ሳይላቀቅ ቅርጹን አይለውጥም። የቤታችን ጣራ በዚህ ይቆማል።

ግድግዳው ራሱስ ማን ነው? ይህን ሳይጠይቁ መዶሻ ማንሣት ከማያውቁት ሰው ጋር ውል እንደ መፈራረም ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ጽናቱ በጭቃው ሳይሆን በውስጡ በተሰወሩት ቋሚዎች ነው። ግድግዳውን በጣት አንጓ እያንኳኩ ድምፁ የሚወፍርበትንና የሚቀጥንበትን ስፍራ መለየት፥ ሲያስፈልግም በቀጭን ሚስማር መፈተሽ፥ ከዚያም መደርደሪያውን በቋሚው ላይ ብቻ ማሰር ይገባል። ጭቃው ላይ የተመታ ሚስማር ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ የያዘው ግን ልስኑን ነው። ብሎኬትም ቢሆን ውስጡ ባዶ ስለሆነ በደረቁ የተመታበትን ሚስማር አፉን ሰብሮ ያላቅቀዋል። ቀዳዳ በስቶ፥ ፊሸር ከትቶ፥ በብሎን ማሰር ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለውና የሚረክሰው ግን ክብደቱን ጨርሶ በግድግዳው ላይ አለመጣል ነው። ቋሚዎቹን ከወለሉ አስነሥቶ፥ በየቋሚው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፎ፥ ግድግዳውን የመደርደሪያው ወገብ እንዳይዘም መያዣ ብቻ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳው ወዳጅ ይሆናል እንጂ አህያ አይሆንም።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ቢሆን ይበቃል። ደረቅ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ሚስማር ሲገባበት ይሰነጠቃልና አስቀድሞ መብሳት ያሻል። እርጥቡ ደግሞ ሲደርቅ ይጠማዘዛልና ከዝናብ በተጠለለ ስፍራ ጥቂት ወራት ማቆየት ይገባል። ምስጥ በሚፈራበት ስፍራ እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቡና የአካባቢውን ሽታ ፈጥኖ የሚስብ እህል ስለሆነ በዘይት በተቀባ እንጨት አጠገብ ጆንያ ማኖር አይገባም። ይህን የምለው መኪና ቤትንና የቡና መጋዘንን አንድ የሚያደርጉ ሰዎች በከተማችን ስላሉ ነው።

ርካሽነትና ጽናት አብረው ለመኖራቸው ማስረጃ የሚሻ ሰው በቡና መልቀሚያ ወራት ወደ ይርጋ ጨፌ ይውረድ። የታጠበው ቡና የሚሰጣባቸው አልጋዎች ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠሩ፥ ሽቦ ወንፊት የተወጠረባቸው መደርደሪያዎች ናቸው። አጣናው ቀጭን ነው፤ ሽቦውም ቀጭን ነው፤ አልጋው ግን እርጥቡን ቡና ተሸክሞ፥ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጡትና ሲለቅሙት አይናወጥም። ምሥጢሩ እግሮቹ መቀራረባቸው ነው። አንድ እግር ብዙ አይሸከምም፤ ብዙ እግር እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይሸከማል። ዓለም በከፍተኛ ዋጋ የሚገዛው ቡና የሚደርቀው በዚህ በርካሹ አልጋ ላይ ነው።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ታዲያ ደካማ መደርደሪያ ስለ ምን ይሠራል? ጥያቄው ከእንጨት ወደ ሰው የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። በጎረቤት ግቢ ቆሜ የሰማሁትን አንድ ንግግር ላውሳ። ባለቤቱ የቡና ነጋዴ ነው፤ አናጢው በዕድሜ ይበልጠዋል። ነጋዴው የተሠራውን ተመልክቶ፦

«ጋሼ፥ ይህ ሁሉ ሰያፍ ለምንድን ነው? ግድግዳዬን እኮ አጥር አስመሰሉት! ወፈር ያለ የዋንዛ ጣውላ ልግዛልዎና ያለ ድጋፍ ቀጥ አድርገው ይምቱልኝ» አለ።

«ልጄ፥ ሰያፉን ብነቅለው ለዐይንህ ያምርልሃል» አሉ አናጢው፤ «ባትሪው ግን ዐይን የለውም።»

«የእርስዎስ ገንዘብ ይቀንስብዎታል ብለው ነው?»

«ዋንዛ ብትገዛልኝማ ገንዘቤ ይጨምራል እንጂ ምን ይቀንሳል? እኔ የምለው ሌላ ነው። ይህ ነገር ቢወድቅ አንተ መኪና ቤት ውስጥ አትገኝም፤ ሱቅህ ነህ። የሚገኘው ረዳቱ ነው።»

ነጋዴው ሳቀ እንጂ አልመለሰም። አናጢውም ሥራቸውን ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዘው እግራቸውን ከመሬት አነሡና ጥቂት ተንጠለጠሉ። ከዚያ በኋላ ነው የድካማቸውን ዋጋ የተቀበሉት።

«የሚገኘው ረዳቱ ነው» የሚለው ቃል ስለ ርካሽነት ካነበብሁትና ከሰማሁት ሁሉ በልቤ የቀረው ነው። ማንኛውም ዕቃ ሙሉ ዋጋ አለው። ከዚያ ዋጋ ገሚሱን ገዢው ይከፍላል፤ የቀረውን ደግሞ በዕውቀት፥ በጥንቃቄና በጉልበት ሠሪው ሊከፍለው ይችላል። ሁለቱም ካልከፈሉት ዋጋው አልጠፋም፤ ቀርቷል ማለት ነው። ቀሪውን የሚከፍለው ሰው አንድ ቀን ከመደርደሪያው ሥር ያልፋል፤ ያ ሰውም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ታናሽ የሆነው፥ ዋጋው ሲነገር ያልነበረው፥ ይስማማ እንደሆነ ያልተጠየቀው ነው። እንግዲህ እውነተኛ ርካሽ ማለት ቀሪው ዋጋ በማንም ላይ ያልተጣለበት ዕቃ ነው እላለሁ። የተጣለበት ግን ርካሽ አይደለም፤ በዱቤ የተገዛ ነው፤ ዱቤውም በሰው ስም የተጻፈ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ በአንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ወደቀ። በባዶ ብሎኬት ላይ በአራት ሚስማር የተመታ ነበረ። ከላይ የነበረው የጭነት መኪና ባትሪ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በአንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት እግር ላይ ወደቀ። ልጁ ለሳምንታት ቆሞ መሄድ አልቻለም፤ የቀን ሠራተኛ ሥራ ካልገባ ደመወዝ የለውምና እነዚያን ሳምንታት እናቱ እንጀራ ሸጣ አሳለፈችው። በጨረታው ጊዜ በዚያ መደርደሪያ ላይ የተረፈው ገንዘብ በሒሳብ መዝገብ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። የልጁ እግር ግን በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም። እንደ መዝገቡ ከሆነ መደርደሪያው እስከ ዛሬ ርካሽ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ የሕንፃው አካል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች እተዋለሁ፤ ደስ ብሏቸው ይከራከሩበታል። እኔን የሚያስገርመኝ የሕጉ መንፈስ ነው። ሕጉ ባለቤቱን «ምን አሰብህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ከቤትህ ሥር የቆመው ሰው የቤትህን ውስጥ ሊያውቅ አይችልም፤ የማወቅ ዕዳ ያንተ ነው ይለዋል። የአናጢው ቃልም በሌላ ቋንቋ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቅን የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ደግ ብለሃል፤ ድኻስ ምን ያድርግ? ብሎንና ፊሸር መግዛት ለማይችል ሰው ስለ ሕሊና መስበክ ግፍ አይደለምን?» ይላል ተቃዋሚው። ተቃውሞው ይገባኛል፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን እስከ አሁን ያየነው ሁሉ ያረጋገጠው ጽናት በአብዛኛው ከገንዘብ ሳይሆን ከአቀማመጥ መገኘቱን ነው፤ ድጋፍ ማቀራረብ፥ ጣውላን በጠርዙ ማቆም፥ ሰያፍ መጨመር፥ ሸክሙን ወደ መሬት ማውረድ፤ እነዚህ ቊራጭ እንጨትና ማስተዋል ይፈልጋሉ። ማስተዋሉ በሌለበት ስፍራ ድኻው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጥፎውን ይገዛል፤ እንደገናም ይገዛዋል። ይህን ሥራ መምህሮቻችን ሊያቃልሉት በቻሉ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ስለ ሦስት ማዕዘን ይማራል፤ ተማሪው ማዕዘኖቹ ተደምረው 180 ዲግሪ እንደሚሆኑ በቃሉ ይዞ ይወጣል፤ የአባቱ መደርደሪያ ስለ ምን እንደ ዘመመ ግን አይነግረውም። አቅሙ ከዚህም ያነሰ ሰው ደግሞ ሸክሙን ይቀንስ እንጂ ድጋፉን አይቀንስ፤ ባትሪው ወለል ላይ ቢያድር ማንም አይታዘበውም።

ሌላም ስሕተት አለ፤ በእኛ ዘንድ ብዙ የማይወቀስ ነው። እርሱም ከልክ ያለፈ ጽናት ነው። ነጋዴው የፈለገው የዋንዛ ጣውላ እርግጥ ነው አይወድቅም ነበር። ነገር ግን ዋንዛ በጌዴኦ ማሳ ውስጥ ዝም ብሎ የቆመ እንጨት አይደለም። ቡናውን ያጠላል፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያበላል፤ ሲያብብ ንቦች ይሰፍሩበታል። አባት የተከለውን ልጅ በጎልማሳነቱ የሚጠቀምበት ዛፍ ነው። ባዶ ጀሪካንና ያረጀ ጎማ ለመሸከም ይህን ዛፍ መቊረጥ ጽናት ሳይሆን ትዕቢት ይመስለኛል። እዚህም ላይ ቀሪ ዋጋ አለ፤ ከፋዩ ግን ከመደርደሪያው ሥር የሚያልፈው ረዳት ሳይሆን ጥላውን የሚያጣው ቡናና ገና ያልተወለደው የገበሬው የልጅ ልጅ ነው። አንድ ነገር ከሚያስፈልገው በታች ሲጸና ሰውን ይሰብራል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሲጸና ደግሞ የሌላውን ድርሻ ይበላል። ልኩ የት እንደሆነ የሚነግረን ከረጢታችን አይደለም፤ መደርደሪያው የሚሸከመው ነገር ነው። ስለዚህ መዠመሪያ ሚዛን፥ ቀጥሎ መጋዝ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው። የመደርደሪያ ግዢ ሲጠየቅ በጽሕፈት ቤቱ የሚዘጋጀው ወረቀት ብዙ ጊዜ «መደርደሪያ፥ የእንጨት፥ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ብዛቱ 12» ይላል፤ ከዚያ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታል። ስንት ኪሎ እንደሚሸከም አይናገርም። ሁለት ተጫራቾች ይቀርባሉ። አንደኛው ሰያፉን፥ የመካከሉን ድጋፍና ብሎኑን በዋጋው ውስጥ አስቦ አስገብቷል። ሁለተኛው ወረቀቱ ያልጠየቀውን አላሰበም፤ ስለዚህ ዋጋው ያንሳል። ደንቡ ተከብሮ ሁለተኛው ያሸንፋል። ማንም ጉቦ አልተቀበለም፤ ማንም አልሰረቀም፤ ሁሉም ፊርማ በስፍራው ነው። ሐቀኛው ተጫራች ግን የተሸነፈው በሐቀኝነቱ ነው፤ በሚቀጥለውም ጨረታ ሰያፉን ትቶ ቢመጣ ልንፈርድበት አንችልም፤ ያስተማርነው እኛ ነንና። ዝቅተኛ ዋጋ መምረጥ የሕዝብን ገንዘብ መጠበቅ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ወረቀቱ ዝም ማለቱ ነው። ዝምታው ደግሞ በክፋት የመጣ አይደለም። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ከመደርደሪያው ሥር አይቆምም።

ወረቀቱን ማናገር ብዙ አያስቸግርም። እያንዳንዱ እርከን ስንት ኪሎ መሸከም እንዳለበት በአንድ መስመር፥ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት ከስንት ሳንቲ ሜትር መብለጥ እንደሌለበት በሌላ መስመር፥ ሸክሙ በወለሉ ላይ ወይም በግድግዳው ቋሚ ላይ እንዲያርፍ በሦስተኛው መስመር ቢጻፍ ሁለቱ ተጫራቾች የሚወዳደሩት በአንድ ዐይነት ዕቃ ላይ ይሆናል። ርክክብ ሲደረግም አናጢው እንዳደረጉት ተንጠልጠሉ አልልም፤ የመምሪያ ኃላፊ በከረባት ተንጠልጥሎ መታየቱ ለመሥሪያ ቤቱ ክብር አይስማማ ይሆናል። ሲሚንቶ የነበረባቸውን ባዶ ከረጢቶች አሸዋ ሞልቶ፥ መዝኖ፥ በየእርከኑ ላይ ጭኖ እስከ ማግሥቱ ማቆየት ግን የሚያስከብር ሥራ ነው። ከረጢቱ በየግንባታው ሥፍራ ተጥሎ ይገኛል፤ አሸዋም ከግቢ አይጠፋም።